የመጀመሪያ ፒርሲንግ በባሕር ዳር፦ ጆሮ፣ አፍንጫ ወይስ ሌላ?

ፒርሲንግ (ሰውነትን በስቶ ጌጥ ማድረግ) ለመሥራት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል። ፎቶው ላይ ያለው ጆሮ ግን ድሮ የዳነ ጆሮ ነው። ወራት ሙሉ በአንድ ጎን ብቻ መተኛቱ ፎቶው ላይ አይታይም። ሻሽ ሲያወልቁ ጌጡ ክር ይዞ የጎተተበት ቀንም አይታይም። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው የትኛው ያምራል በሚለው አይደለም። የትኛው ከኑሯችሁ ጋር ይሄዳል፣ የትኛውንስ እዚሁ ባሕር ዳር በንጽህና ማሠራት ይቻላል፣ እሱን ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሳ ሰው የጆሮ ሥጋን ወይም የአፍንጫ ጎንን ቢመርጥ ይሻለዋል። የጆሮውን ጠንካራ ክፍል የሚፈልግ ደግሞ በመርፌ የሚበሳ ሰው እስኪያገኝ ይታገሥ። በመበሻ ሽጉጥ፣ ጉትቻውን በስፕሪንግ በሚሰካው መሣሪያ፣ ከሚሠራው ቢቀርበት ይሻላል።

የጆሮ ሥጋ

በእኛ አካባቢ አብዛኛዋ ሴት ጆሮዋ የተበሳው ሕፃን ሳለች ነው። ስለዚህ በራሷ ምርጫ የምታሠራው የመጀመሪያ ፒርሲንግ ብዙ ጊዜ ከድሮው ቀዳዳ ከፍ ብሎ የሚሠራ ሁለተኛ ቀዳዳ ነው። ለወንድ ልጅ ግን የእውነት የመጀመሪያው ነው።

የጆሮ ታችኛው ክፍል አጥንት የለውም። ደም በደንብ ይዘዋወርበታል። በዚህ ምክንያት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ቶሎ ከሚድኑት አንዱ እንግዲህ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ሕመሙ ቅጽበት ነው። ከዚያ ጆሮው ለጥቂት ሰዓት ሞቅ ይላል፣ ያበቃል። ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ጌጡን ታወጡታላችሁ፤ የሚቀረው ትንሽ ነጥብ ነው። ቤተሰብም በዚህ ብዙ አይጨቃጨቅም፣ ቢያንስ በሴት ልጅ ላይ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሁለተኛው ቀዳዳ ከመጀመሪያው በጣም አይጠጋ። ለበዓል ትልቅ ሎቲ የምታደርጉ ከሆነ ሁለቱ ጌጦች ይጋጫሉ። የሚበሳው ሰው በእስክሪፕቶ ምልክት ካደረገ በኋላ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና መስታወት እዩ። ፊታችሁን አዘንብላችሁ ካያችሁት ምልክቱ ያታልላል። ካልተስማማችሁ «አጥፋና እንደገና አድርግልኝ» በሉ። ማፈር አያስፈልግም፤ ጆሮው የእናንተ ነው።

ሕፃን ልጃቸውን ለማስበሳት የሚያስቡ እናቶች ካሉ ደግሞ ቢያንስ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ ክትባት እስኪያልቅ ቢጠብቁ መልካም ነው። ቴታነስም ሄፓታይተስ ቢም በዚያ ክትባት ውስጥ አሉ።

የጆሮው ጠንካራ ክፍል

ሄሊክስ (የጆሮው ላይኛ ጠርዝ)፣ ትራገስ (ከጆሮ ቀዳዳው ፊት ያለችው ትንሽ ጉብታ)፣ ኮንች (የጆሮው መሐል ጎድጓዳ ክፍል) እየተባለ ፎቶው የሚበዛው ይህ ነው። ላይኛው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ነጥብ በእውነት ታምራለች። ነገር ግን ከጆሮ ሥጋ ጋር በአንድ ስም «ጆሮ» ስለተባለ ብቻ አንድ አይነት ነገር እንዳይመስላችሁ።

ይህ ክፍል ልም አጥንት ነው። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። የሚመገበው በላዩ ካለው ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይድናል፦ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት። ጀርም ከገባበትም የሰውነት መከላከያም ሆነ መድኃኒት ቶሎ አይደርስለትም። እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ እርጥበትና ውሃ ይወዳል። ሲከፋ ልም አጥንቱ ይሟሟል፣ ጆሮው ይጨማደዳል፣ ወደ ቀድሞው ቅርጹም አይመለስም።

ይህን የማስረዝመው የምናውቀው ልማድ ስላለ ነው። ጆሮ ሲያብጥ ብዙ ሰው ሰፈሩ ካለ ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ይውጣል። አሞክሳሲሊን ሱዶሞናስን አይነካውም። ሰውየው መድኃኒት ጀመርኩ ብሎ አምስት ቀን ይቀመጣል፣ ጆሮው በእነዚያ ቀናት ይበላሻል። የአክስቴ ልጅ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አንድ ጸጉር ቤት ሹሩባ ልትሠራ ገብታ፣ በዚያው ላይኛውን ጆሮዋን በሽጉጥ አስበስታ ወጣች። ሳምንት ሳይሞላ ጆሮዋ ቀልቶ አበጠ። ክኒኑን ስትውጥ ቆይታ ሐኪም ዘንድ የደረሰችው ዘግይታ ነው። ጆሮዋ ዳነ፣ ግን ጠርዙ ላይ ዛሬም ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ።

ከዚያ የዕለት ኑሮ አለ። ነጠላ ትለብሳላችሁ? የነጠላ ጥለት ክር ጌጥ ላይ ይጠመጠማል። ሻሽ ታስራላችሁ? የሻሹ ጠርዝ የሚያርፈው በትክክል ሄሊክስ ላይ ነው። ሹሩባ ስትሠሩ ሠሪዋ ጆሯችሁን ደጋግማ ታጥፋለች። ቅቤ ተቀብታችሁ ፀሐይ ላይ ስትወጡ ደግሞ የቀለጠው ቅቤ ወርዶ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ዶርም ውስጥ የምትኖሩ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ፔዳም ሁን ፖሊ፣ አንሶላና የትራስ ልብሱን በየስንት ጊዜው እንደምታጥቡት ራሳችሁን ጠይቁ። ቁስሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ትራገስ ከመረጣችሁ የጆሮ ማዳመጫ በዚያ በኩል ለወራት ተሰናበቱት።

ይህን ሁሉ ችላችሁ በአንድ ጎን ብቻ መተኛት የምትችሉ ከሆነ ሥሩት። ግን አንዱን ጆሮ ብቻ። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሠራ ሰው የሚተኛበት ጎን ያጣል።

አፍንጫ

የአፍንጫ ጎን ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ከጆሮ ሥጋ ይረዝማል፣ ከሄሊክስ ግን በአብዛኛው ይቀላል፤ ምክንያቱም ተኝተንበት አናድርም። ሲበሳ ዓይን ያስነባል። ይህ የሕመሙ ብዛት አይደለም፤ የአፍንጫ ነርቭ ሲነካ እንባ በራሱ ይወርዳል።

ለመጀመሪያው ጌጥ ቀለበት አታስገቡ። ቀለበት ይንቀሳቀሳል፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቅርፊቱን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ከኋላው ጠፍጣፋ የሆነ ወይም የተጠማዘዘ እግር ያለው ትንሽ ነጥብ ይሁን። ቀለበቱን ከዳነ በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ጉንፋን ላይ ሳላችሁም አትሠሩት፤ ቀኑን ሙሉ የምትጠራርጉት አፍንጫ አይድንም። ፎጣ ደግሞ የአፍንጫ ፒርሲንግ ዋና ጠላት ነው። ፊት ሲታጠቡ በለመዱት እጅ መጠራረግ ነውና ጌጡን ይዞት ይወጣል። በሶፍት ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ።

የአፍንጫው ከባድ ነገር ሰው ነው። ጆሮን ጸጉር ይሸፍነዋል፣ አፍንጫ ግን እናት ቤት በገባችሁበት ደቂቃ ይታያል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ስለ ሠራተኛ አለባበስ ደንብ አላቸው። ባንክ ወይም ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአፍንጫ ጌጥ ገና ካልዳነ ለሥራ ሰዓት አውጥቶ ማታ መመለስ አይቻልም፤ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል።

ከቤተሰብ ጋር ስትነጋገሩ የእናቶቻችንን ንቅሳት አስታውሱ። የጎጃምና የጎንደር እናቶች አንገታቸው፣ ድዳቸው ላይ የተነቀሱት በመርፌ ነው፣ ለውበትም ነው። ብዙዎቹ ሕመሙን፣ እብጠቱንም ያስታውሱታል። ጠይቋቸው፤ «ለምን?» ከሚለው ክርክር ይልቅ ስለ ንጽህና ጥሩ ምክር ታገኛላችሁ።

መደበቅ የግድ የሆነበት ሰው ሴፕተምን ያስብ። በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች መሐል የሚሠራው ነው። በትክክለኛው ቦታ ከተበሳ ከልም አጥንቱ ፊት ባለው ስስ ሥጋ ውስጥ ያልፋል፤ ከ2 እስከ 3 ወር ይድናል። የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው ጌጥ ወደ ላይ ሲገለበጥ ከውጭ አይታይም። ችግሩ ያቺን ስስ ቦታ የሚያገኝ እጅ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ቢስት ልም አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ወይም ጌጡ ጠሞ ይቀራል። ሴፕተም ደጋግሞ ለሠራና ሥራውን በፎቶ ሊያሳያችሁ ለሚችል ሰው ካልሆነ አትስጡት።

እምብርት፣ ምላስ፣ ቅንድብ

እነዚህን ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም። እምብርት እስከ 1 ዓመት ይፈጃል። ጂንስ ይፈትገዋል፤ የሀበሻ ቀሚስ ስትለብሱ መቀነቱ የሚታሰረው እዚያው ላይ ነው። የእምብርት ቅርጽም ይወስነዋል፦ ከላይ ግልጽ የሆነ የቆዳ እጥፋት የሌለው ሰው ላይ ጌጡ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይገፋል።

ምላስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይድናል፣ ፈጣን ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ያብጣል። ሚጥሚጣም፣ ትኩስ ወጥም፣ ቢራም የለም። ዓሣ ጥብሱን በዳጣ የለመደ የባሕር ዳር ሰው ይህን ይመዝን። ከዳነ በኋላም ብረቱ ጥርስ ይሸርፋል፣ ድድ ያሸሻል። ከንፈርም የድዱ ችግር አለበት። ቅንድብ ቶሎ ይድናል፣ ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ሰውነት ወደ ውጭ የመግፋት ልማድ አለው፤ መስመር የሚመስል ጠባሳም ይተዋል።

ሽጉጥ ወይስ መርፌ

ከቦታው ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ነው። ያለን ምርጫ አራት አይነት ነው።

አንደኛው የቤት መርፌና ክር ነው። እሳት ላይ ተደርጎ፣ ክሩ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። ብዙዎቻችን በዚህ መንገድ ተበስተናል፣ ደኅናም ነን። ነገር ግን ክር እርጥበትና ጀርም ይዞ የሚቆይ ነገር ነው፣ የክብሪት እሳትም መርፌን አያመክንም። ዛሬ የተሻለ እያለ ወደዚያ የሚመልስ ምክንያት አላይም።

ሁለተኛው ሽጉጡ ነው። ጌጣጌጥ መሸጫና ውበት ሳሎን ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው እሱ ነው። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ልጅም አይፈራውም። አሠራሩን ግን እዩት። ሽጉጡ መርፌ የለውም። በስፕሪንግ ኃይል ራሱን ጉትቻውን ሥጋ ውስጥ ያስገባል። የጉትቻው ጫፍ ደግሞ እንደ መርፌ የተሳለ አይደለም። ስለዚህ ቆዳውን አይቆርጥም፣ ይቀደዋል። የጆሮ ሥጋ ይህን ይችለዋል። ልም አጥንት ግን ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሌላው ችግር ማምከኑ ነው። የሕክምና ዕቃ የሚመክነው በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በ121 ዲግሪ ግፊት ባለው እንፋሎት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ነው። ፕላስቲክ ያለበት ሽጉጥ እዚያ ውስጥ ቢገባ ይበላሻል። ስለዚህ በአልኮል ይጠረጋል። መጥረግ ማጽዳት እንጂ ማምከን አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ደረቅ ቦታ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ከእናንተ በፊት ማን እንደተበሳ አታውቁም። አንዳንድ ሳሎኖች የሚያሳዩት ሰማያዊ መብራት ያለው ሣጥንም አውቶክሌቭ አይደለም።

ለሽጉጥ ፍትሐዊ ልሁን። ጉትቻው ታሽጎ በሚጣል ካሴት የሚመጣበት አዲስ ዓይነት አለ፤ ከድሮው የጸዳ ነው። ለጆሮ ሥጋ ብቻ፣ ካሴቱ ከፊታችሁ የሚከፈት ከሆነ እሺ ማለት ይቻላል። ለአፍንጫና ለላይኛው ጆሮ ግን በምንም ዓይነት።

ሦስተኛው ክሊኒክ ነው። ጆሮ የሚበሱ ነርሶች አሉ። ስትሄዱ መጀመሪያ በምን እንደሚበሱ ጠይቁ፤ ክሊኒክ ሆኖ ሽጉጥ የሚጠቀምም አለና ነጭ ጋዋን ብቻ አይበቃም። ጥሩ የሚባለው ነርሷ ጓንት ቀይራ፣ ግሉኮስ ለመስጠት የሚያገለግለውን ካኑላ ከታሸገበት ከፍታ ስትጠቀም ነው። ካኑላ ውስጡ ክፍት የሆነ ስለት መርፌ ስላለው ይቆርጣል እንጂ አይቀድም፤ አንዴ አገልግሎ ይጣላል። መጠኑን ከቀለሙ ታውቁታላችሁ፦ ሮዝ 20 ነው፣ አረንጓዴ 18፣ ግራጫ 16። ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራል። ለአፍንጫ ሮዝ፣ ለጆሮ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ይበቃል። የነርሷ እጅ ንጹሕ መሆኑ አያጠራጥርም ይሆናል፤ ማዕዘኑን ግን እናንተ በመስታወት ተቆጣጠሩ፣ ምክንያቱም ሙያዋ ደም ሥር ማግኘት እንጂ ጌጥ ማስቀመጥ አይደለም።

አራተኛው ሥራዬ ብሎ ፒርሲንግ የሚሠራ ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ታቱና ፒርሲንግ የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ለሴፕተምና ለሄሊክስ እኔ ይህን እመርጣለሁ። የሚጎድለው ክትትል ነው። እብጠቱ ከቀነሰ በኋላ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ የመጀመሪያው ረጅም ብረት በአጭር መቀየር አለበት። ረጅሙ እንደተሰካ ከቆየ ይወዛወዛል፣ ቀዳዳውም ይጣመማል። ስለዚህ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ የመሄድ ዕቅድ ያዙ፤ ወይም አጭሩን ብረት አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ተመለሱና እዚህ በምታምኑት ነርስ አስቀይሩት።

የትኛውም ጋ ብትሄዱ መርፌው ከፊታችሁ ካልተከፈተ ተነሡ። ከፍላችሁም ቢሆን ተነሡ። ጓንት አድርጎ ስልክ የሚያነሣ፣ ከዚያ በዚያው ጓንት ጆሯችሁን የሚይዝ ሰውም እንዲሁ።

ቲታኒየም፣ ስቲል፣ ወርቅ፣ አርቲፊሻል

ለአዲስ ቁስል ከሁሉም የሚሻለው ቲታኒየም ነው፤ ሰውነት ውስጥ ለሚቀበር ብረት የሚውለው ኤፍ136 የተባለው ደረጃ። ኒኬል የለበትም፣ ቀላል ነው። ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይዞላችሁ ይምጣ፤ ኪስ የማይሞላ ዕቃ ነው። መጠኑን ግን በትክክል ጻፉለት፦ ለአፍንጫ ውፍረቱ 0.8 ወይም 1 ሚሊ ሜትር፣ ለሄሊክስ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ወደ 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ለእብጠት ቦታ የሚተው ርዝመት ነው።

316ኤል የሚባለው ስቲል ቀጣዩ ነው። ኒኬል አለበት፣ ነገር ግን ብዙ አይለቅም። አብዛኛው ሰው ይስማማዋል። ሰዓት ወይም የቀበቶ ዘለበት ሲነካው ቆዳው የሚያሳክከው ሰው ግን ይተወው።

ወርቅ ላይ ብዙ ሰው ይከራከረኛል። «ወርቅ አያመረቅዝም» ይባላል። 18 ካራት ወርቅ 75 በመቶው ወርቅ ነው፣ 21 ካራት 87.5 በመቶ። ቀሪው ሌላ ብረት ነው፤ ነጭ ወርቅ ከሆነ ደግሞ ኒኬል ሊኖርበት ይችላል። ብረቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ የወርቅ ቤቶቻችን ጉትቻ የተሠራው ለዳነ ጆሮ ነው። እግሩ ቀጭን ነው፣ ብየዳው ሻካራ ነው፣ ርዝመቱም ለእብጠት ቦታ አይተውም። ከዳነ በኋላ አድርጉት፣ ያኔ ከወርቅ የሚሻል የለም።

ብርና አርቲፊሻል ለአዲስ ቁስል አይሆኑም። ብር እርጥበት ሲነካው ይጠቁራል፣ ቆዳውን ለዘለቄታው ሊያቀልመው ይችላል። አርቲፊሻሉ ቅቡ ሲለቅ ሥሩ ያለው ኒኬል ይወጣል።

ጊዜው፣ ሐይቁና ጠበሉ

ለጥር ሰርግ የምትፈልጉት ከሆነ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የጆሮ ሥጋ ቢዘገይ ኅዳር አጋማሽ ላይ መበሳት አለበት። አፍንጫ ሐምሌና ነሐሴ ላይ። ሄሊክስ ደግሞ ካለፈው ጥር። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተበሳ ሰው በቪዲዮው ላይ ቀይ ጆሮ ይዞ ይታያል።

መጋቢትና ሚያዝያ ባሕር ዳር ይሞቃል። ላቡና የባጃጅ አቧራው ለአዲስ ቁስል አይመችም። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ ዝናቡ ያበቃል፣ ሙቀቱ ገና ነው።

ጣና ውስጥ መዋኘት እስኪድን ድረስ የለም። ወደ ዘጌ በጀልባ መሄድ ምንም አይደለም፤ ውሃው ፊታችሁ ላይ ቢረጭ ስትመለሱ ታጠቡት። መግባት ግን ሌላ ነው። ሐይቁ ከከተማው የሚወርደውን ፍሳሽ ይቀበላል፣ ያ ሱዶሞናስ ያልኳችሁም የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው። ዋንዛዬ ፍል ውሃም እንዲሁ፤ ሞቅ ያለና ሰው የሚጋራው ውሃ ለቁስል የከፋ ነው።

ጠበል የምትጠመቁ ከሆነ ነገሩን በአክብሮት እናስተካክለው። ሱባኤ ያሰበ ሰው ሱባኤውን ይጨርስና ከዚያ ይበሳ። ቀድሞ ከተበሳም ከተጠመቀ በኋላ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቀው፣ ያድርቀው። በተበሱ ማግስት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ማቀድም ጥሩ አይደለም፤ ቁስሉ ሊደማ ይችላል፣ ልባችሁም አያርፍም።

ደም የምትለግሱ ሰዎችም አስቡበት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከፒርሲንግ በኋላ 6 ወር መጠበቅ ነው። በተመዘገበ የጤና ባለሙያ ከተሠራና እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ግን 12 ሰዓት ይበቃል። ለክሊኒኩ ሌላ ነጥብ ነው።

ከመበሳታችሁ በፊት የሚጣራ

ሁለት ነገር። አንደኛው ኬሎይድ ነው፤ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳ። ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፣ በዘር ይሄዳል፣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ይብሳል። ክንዳችሁ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ ተመልከቱ። አብጦ፣ ጠንክሮ፣ ሰፍቶ ከሆነ፣ ወይም እናት፣ እኅት፣ ወንድም ጆሮ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ ፒርሲንግ ለእናንተ አይደለም። የሚያሳዝን ቢሆንም የኬሎይድ ሕክምና ረጅም ነው፣ ተቆርጦም ይመለሳል። ክሊፕ ያላቸው ሳይበሱ የሚደረጉ ጌጦች አሉ።

ሁለተኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ክትባቱ በኢትዮጵያ የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ላያገኘው ይችላል። አዋቂ ሦስት ጊዜ ይወስደዋል፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። ባትበሱም ይጠቅማችኋል።

ከተበሱ በኋላ

በቀን ሁለት ጊዜ በኖርማል ሳላይን። ፋርማሲ ስትጠይቁ «ግሉኮስ» አትበሉ፤ ተመሳሳይ ከረጢት ውስጥ ደክስትሮስ የሚባል ስኳር ያለበት ፈሳሽ ሊሰጧችሁ ይችላሉ፣ ስኳር ደግሞ ጀርም ይመግባል። ላዩ ላይ 0.9 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ የሚል ይሁን። ትንሹን ግዙ፤ የተከፈተ ከረጢት ለሳምንታት አይቀመጥም። በንጹሕ ጎዝ አርጥባችሁ ቅርፊቱ እስኪለሰልስ ያዙት፣ አንሡት፣ አድርቁት። በቃ።

አልኮል፣ ጂቪ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሊድን የጀመረውን ሥጋ ይገድላሉ። ቲቲሲ፣ ቫዝሊንና ቅቤ ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ያቃጥላሉ። ጌጡን «እንዳይጣበቅ አዟዙሪው» የሚለው ምክር በፍቅር የሚሰጥ ነው፣ ግን አትቀበሉት። ባዞራችሁት ቁጥር አዲስ የበቀለውን ቆዳ ትቀዱታላችሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጣ ያለ ፈሳሽ ወጥቶ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፣ ጤነኛ ነው። ከጌጡ ሥር ትንሽ ጉብታ ቢወጣም አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ መነካካት ያመጣው ነውና መተኛቱንና መነካካቱን ስትተዉ ይቀንሳል።

ወፍራም አረንጓዴ ወይም ቢጫ መግል፣ ወደ ዙሪያው የሚሰፋ ቅላትና ሙቀት፣ ትኩሳት፣ ወይም የጆሮው ሥጋ ደኅና ሆኖ ከላይ ያለው ጠንካራ ክፍል በሙሉ ማበጥ ከታየ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከሆስፒታሎቹ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን፣ የሚቀርባችሁ ይሁን። ስትደርሱ መቼ፣ በምን እንደተበሳችሁ፣ ምን እንደዋጣችሁም ሳትደብቁ ተናገሩ። ጌጡን ከቤት አውጥታችሁ አትሂዱ። ቀዳዳው ከተዘጋ መግሉ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለውን ሐኪሙ አይቶ ይወስን።